ያየሽውን ጻፊ

ቢዝነስ አናሊስት፣ የመሥሪያ ቤት አሠራር አጥኚ፣ ልሁን ብሎ ለሚመጣ ጀማሪ ሁሉ «የሰማኸውን ሳይሆን ያየኸውን ጻፍ» እላለሁ። ካርቱም ተወልዳ ያደገችውን ሐያትንም እንዲሁ ብዬ፣ ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ሊያስገባ ወዳሰበ አንድ የካርቱም ሁለት ሰፈር ክሊኒክ ወሰድኳት። የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ፣ የወሎዋን እትዬ ዘሃራን፣ ከቀናት በፊት እኔው ስጠይቃቸው «ካርዱን ስሙን አንብቤ ነው የማወጣው» ብለውኝ ያንኑ ጽፌ ነበር።

ሐያት ግን ሳትጠይቅ ቆማ ስታይ ዋለች። እትዬ ዘሃራ የበሽተኛውን ፊት ያያሉ፤ ካርዱን የሚለዩት በታሰረበት ክር ቀለም ነው።

«ኻልቲ፣ ማንበብ አይችሉም?» አለቻቸው፣ በዐረብኛ «አክስቴ» ብላ፣ በቀስታ።

«ወላሂ አልችልም። ልጄ፣ ከጻፍሽው ያባርሩኛል።»

ሐያት ዞራ አየችኝ።

በማግስቱ ጽሑፏን አመጣችልኝ። «ካርድ አውጪዋ በሽተኞቹን በመልካቸው ታውቃቸዋለች። ቀኑን ሙሉ አንዴም አልተሳሳተችም» ይላል።

የራሴን ጽሑፍ ቀድጄ በሐያት ጽሑፍ ላይ ፈረምኩ።