በሩን አይተው ቤቱን ሊገዙ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ከፊት ሁኑልኝ። የአገሬን፣ በግብፅ ያለችውን የዱምያጥን አናጺ፣ የሐጅ ሩሽዲን ነገር ላጫውታችሁ ነው።

ሐጅ ሩሽዲ ዕድሜያቸውን ሙሉ አልጋና ቁም ሣጥን ሲቀርጹ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቃቸውን ሸጡ። የእርጅና መጦሪያቸው ያ ገንዘብ ብቻ ነበር። በእሱም ራስ ኤል በር በምትባለው የመዝናኛ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር፣ አንድ አፓርታማ ገዝተው በኪራዩ ሊኖሩ ቆረጡ። ከምሽቱ የመግሪብ ሶላት በኋላ ሊፈርሙ በተቀጠሩበት ቀን፣ ለደስታው ሙሸበክ ሊገዙ ጣፋጭ ቤት ጎራ ሲሉ የወንድማቸውን ልጅ ሻሂናዝን አገኟት። ሻሂናዝ ሕግ ተምራ የቤት ውል ስታዋውል የምትውል ልጅ ናት።

"አጎቴ! ይህ ሁሉ ጣፋጭ ለማን ነው? ሊያገቡ ነው እንዴ?"

"ዝም በይ፣ አክስትሽ እንዳትሰማሽ!" ሐጅ ሳቁ። "ቤት ልገዛ ነው። በሮቹን ብታዪያቸው! መጋጠሚያቸው ፀጉር አያስገባም።"

"በሮቹስ ይሁኑ፤ ውሃውስ? ቧንቧውን ከፍተው አይተዋል?"

"እንዲያ ያለ በር የገጠመ ሰው ቧንቧ ያበላሻል ብለሽ ነው?"

ምን ላድርግ፣ ከተማችን የአናጺዎች ናትና እኛ የዱምያጥ ሰዎች እንዲህ ነን። የሰው ቤት ስንገባ ሰላምታ ሳንጨርስ በሩን እንዳብሳለን፤ በሩ ካማረ ቤቱ ሁሉ ያማረ ይመስለናል።

"ለመሆኑ መቼ መቼ ሄደው አዩት?" አለች ሻሂናዝ።

"ደጋግሜ ነዋ! ደላላው ራሱ ይወስደኛል፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሻይ ጋብዞ። ጠዋት ነው የሚመቸው።"

"ለማን?"

ሐጅ ሙሸበኩን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

"እርስዎ ግንድ ሲገዙ ቅርፊቱን ብቻ አይተው ነበር የሚገዙት?"

"እብድ ነኝ? ጫፉን አስቆርጬ ልቡን ሳላይ!"

"እንግዲያው የዚህንም ልቡን እንየው። አሁኑኑ፣ ያለ ደላላው።"

"ቃል የሰጠሁ ሰው ነኝ እኮ፣ ልጄ።"

"ቃልዎን ሰጡ እንጂ ዓይንዎን አልሰጡም!"

እያጉረመረሙ ተከተሏት። ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘንብላለች። ሴቶቻችን ከሰገነታቸው ላይ ሆነው ዳቦና አትክልት በገመድ ቅርጫት ይስባሉ፤ በዚያ ሕንጻ በየገመዱ የሚሳበው ግን ጀሪካን ነው! ሐጅ አንጋጠው ቀሩ።

"ሐጅ፣ አዲሱ ገዢ እርስዎ ነዎት?" አለች አንዲት ሴት ከላይ። "እሰይ! ጀሪካን የሚያቀብለን አገኘን!"

"እህቴ፣ ውሃ የለም እንዴ?"

"አለ እንጂ፣ ጠዋት። ከቀትር በኋላ እዚህ ፎቅ መውጣት ይደክመዋል።"

"ተከራይስ?" ጠየቀች ሻሂናዝ።

"ሙቀቱ ሲመጣ ግጥም ብሎ ይሞላል። ብርዱ ሲገባ ግን እኔና ድመቴ ብቻ!"

ሐጅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ያን ሁሉ ሙሸበክ ቅርጫቷ ውስጥ ከተው፣ "ከጉድ አውጥተሽኛልና ብዪው!" አሏት። ደላላውንም በስልክ አሰናበቱት።

ሲመለሱ ግን ወደ ሻሂናዝ ዞሩ። "እንግዲህ ምን ልግዛ? ገንዘቡ እንደሆነ ተቀምጦ ያልቃል።"

"እዚሁ ዱምያጥ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ፣ ትንሽ ቤት።"

"ባሕር በሌለበት?"

"ባሕሩ ኪራይ አይከፍልም፣ አጎቴ። የሚከፍለው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው እንጀራው ካለበት ነው። እዚያ ነርሶች ቤት ፍለጋ ሲንከራተቱ ይውላሉ። ደግሞ ገንዘብዎን አሟጠው አይክፈሉ፤ ጣሪያ ሲያፈስ ከማን ይበደራሉ? ሻጩ 'የአባቴ ውርስ ነው' ካለም ወንድም እህቶቹ ሁሉ ይፈርሙ። መዝገቡን ሳላጣራ ቀብድ የለም። ተከራይ ሲገባም በጽሑፍ ውል ይሁን።"

"ዘመድ ቢሆንም?"

"እኔም ብሆን!"

"አንቺንማ አላከራይም፤ ምላስሽን ማን ይችለዋል!" አሉ ሐጅ፤ ልባቸው ግን ተረትቶ ነበር።

እንዳለችውም አደረጉ። የተገኘው ቤት በሩ ሐጅን ይቅርና ጀማሪ አናጺን እንኳ ያሳፍራል። የሻጩ እህት ከፖርት ሰዒድ መጥታ እስክትፈርም ጠበቁ፤ ሰው "ፈሩ" እያለ ቢስቅባቸውም አልተነቃነቁም። ሁለት ነርሶች ገቡበት። በመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ሐጅ ካስቀመጡት አውጥተው አሳደሱ፣ ማንንም ደጅ አልጠኑም። ኪራዩ በየወሩ ለጓዳው ይደርሳል፣ ለመድኃኒቱም ይተርፋል።

በሚቀጥለው የሙቀት ወራት ከኪራዩ ቆንጠር አድርገው ሚስታቸውን ራስ ኤል በር ወሰዷቸው። አሸዋው ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ፣ ሚስትየው፣ "ይሄ ባሕር ያምራል፤ ለምን እዚህ አልገዛንም?" ቢሏቸው፣ ሐጅ ዓሣውን ጎርሰው፣ "ለመመልከት ማን ከለከለን!" አሉ።

ልጆቼ፣ ቤት የምትገዙበት ቀን ሲደርስ፣ ገንዘባችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ሐጅ ሩሽዲን አንድ አፍታ አስቧቸው፤ አደራ።