በሞቴ የማይባልበት አገር

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ቤት ገብታችሁ ገና "ብሉ" ስትባሉ እጃችሁን ከሰደዳችሁ አለቀላችሁ። "የማን ልጅ ናት? ምነው አልቀጧትም?" ይባላል፣ ስድቡም የሚተርፈው ለእናት ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጎረቤት ስትልከኝ በር ላይ ጆሮዬን ይዛ "አንዴ ሲሉሽ እምቢ፣ ሁለቴ ሲሉሽ እምቢ፣ በሦስተኛው በሞቴ ሲሉሽ ትንሽ ቅመሽ" ትለኝ ነበር። እና እኔ በዚህ ነው ያደግኩት፣ በዚህ ነው ያረጀሁት፣ ቶሮንቶም የገባሁት ይህንኑ ይዤ ነው። ታዲያ ይህ መግደርደር ምን እንዳደረገኝ ላጫውታችሁ። በተለይ አንቺ ሜሮን፣ የወንድሜ ልጅ፣ ሰኞ እኔ በተማርኩበት ኮሌጅ እንግሊዝኛ ትጀምሪያለሽ አይደል? እየበላሽ ስሚ።

እኔ እንግዲህ አገሬ ላይ ነርስ ነበርኩ፣ ደሴ። ሰው ሳዋልድ፣ ሰው ሳስታምም የኖርኩ ሴት ነኝ። ይቺ ልጄ ሳራ ስፖንሰር አድርጋኝ እዚሁ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር መጣሁ፣ መጣሁና ምን ሆንኩ? ቤት ጠባቂ! እሷ ሥራ ትሄዳለች፣ እኔ በመስኮት መኪና ሲመላለስ አያለሁ። ቀዩ ሄደ፣ ነጩ መጣ፣ ቀዩ ተመለሰ። ታዲያ አንድ ቀን "ሳራዬ፣ እኔ ቁጭ ብዬ መብላት አልችልበትም፤ ነርስነቱ ቢቀር እንኳ አረጋውያን መንከባከብ ልማር" አልኳት። "ማሚ፣ ለእሱ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ነው" አለችኝ። "ታዲያ እንግሊዝኛ አውቅ የለም እንዴ!" ብላት ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ የማውቀው የመድኃኒት ስም ነበር።

ብቻ ገባሁ። ኢንቴንሲቭ ነው የሚሉት፤ በየቀኑ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ ፋታ የለም። ስካርቦሮ ድረስ በዚያ ብርድ ባስ እየቀያየርኩ እሄዳለሁ፣ እና ከክፍሉ ሁሉ ትልቋ እኔ። አስተማሪያችን ሊንዳ ትባላለች፣ ሳራን የምታክል ልጅ። "ኮል ሚ ሊንዳ" ትለኛለች። እንዴት ብዬ! አስተማሪ በስሙ ይጠራል? "የስ ቲቸር" እላታለሁ፣ ስትገባም ብድግ እላለሁ። አጠገቤ ካርሎስ የሚባል የኮሎምቢያ ልጅ አለ፣ ቀሚሴን ጎተት አድርጎ "ማማ፣ ሲት ዳውን!" ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር ግን፣ ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ ሆንኩ እኮ! ባስ ላይ የቤት ሥራዬን ጮክ ብዬ ሳነብ ሰው ዞሮ ያየኛል፣ እኔ ምን ቸገረኝ።

ታዲያ አንድ ዓርብ ክላስ ሲያልቅ ሊንዳ ጠራችኝ። ከላይኛው ክፍል አንድ ተማሪ አቋርጦ ወጥቶ ቦታ ተገኝቷል። ያንን ክፍል የጨረሰ ሰው በመስከረም ቀጥታ ወደ አረጋውያን መንከባከብ ትምህርት ይገባል፤ ያልጨረሰ እስከ ሌላው መስከረም ይጠብቃል። "ዘነበች፣ ዱ ዩ ዋንት ኢት?" አለችኝ። ልቤ ዘለለች! መፈለግ ብቻ? ስሜን ጠርቶ የመጣ ዕድል ነው እኮ። አፌስ ምን አለ? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ "ኦ ኖ ኖ ቲቸር! ጊቭ ካርሎስ። ካርሎስ ቬሪ ጉድ!"

"አር ዩ ሹር?" አለች። ይሄ ሁለተኛው መሆኑ ነው። በሆዴ "አቤት፣ ወግ የምታውቅ የጨዋ ልጅ" አልኩ። "ሹር፣ ሹር" አልኳት። እና ቆሜ በሞቴን ስጠብቅ፣ "ኦኬ! ሃቭ ኤ ናይስ ዊኬንድ!" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ወጣች እኮ ነው የምላችሁ! እኔ ትመለሳለች ብዬ ሻርፔን ቀስ ብዬ ጠመጠምኩ፣ ፈታሁት፣ ደግሜ ጠመጠምኩት። የጽዳቱ ሰውዬ መብራት ሊያጠፋ ሲመጣ ነው የወጣሁት።

ቤት ስገባ ለሳራ ነገርኳት። እንዲህ ዓይኗን አፍጥጣ፣ "ማሚ! ኖ አልሻት?"

"አልኳት እንጂ። ታዲያ ገና ሲሰጠኝ ልንጠቅ?"

"ማሚ፣ እዚህ አገር ኖ ካልሽ በቃ ኖ ነው። ማንም አይለምንሽም!"

"ዝም በይ፣ ሰኞ ደግማ ትጠይቀኛለች፤ የጨዋ ልጅ ናት።"

ሰኞ ሄድኩ፤ ሊንዳ "ጉድ ሞርኒንግ" ብላኝ አለፈች። ወደ አጠገቤ ዞር ስል የካርሎስ ወንበር ባዶ ነው። ወደ ላይኛው ክፍል ተዛውሯል። ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ ይሉ የለ? ለካ ለእኔ ነው የተባለው! መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ካርሎስን ተመቅኝቼ አይደለም፣ ይገባዋል፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን በእኔ ዕድሜ ዓመት እንደ ዋዛ የሚጣል ነገር አይደለም፣ እና ያ መስኮት፣ ያ ቀይ መኪና ትዝ ሲለኝ አንገሸገሸኝ።

ታዲያ ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም ብዬ ፊቴን ታጥቤ ሊንዳ ዘንድ ሄድኩ። "ቲቸር፣ ማይ ኖ ኢዝ ኖት ኖ" አልኳት። ግራ ገባት። "ማይ ካንትሪ፣ ፈርስት ኖ፣ ማነርስ። ሰከንድ ኖ፣ ማነርስ። ሰርድ፣ የስ!" ማነርስ ወግ ማለቴ ነው፣ በጣቴ ጭምር ነው የማሳያት። አፏን ይዛ ቀረች። "አንድ ጊዜ ጨምሬ ብጠይቅሽ ኖሮ እሺ ትዪኝ ነበር?" አለችኝ። "የስ!" አልኩ። ሳቀች፣ ሳቀችና ወዲያው ቅር አላት። ቦታው ተሰጥቷል፤ የሚወስነው ኃላፊው ነው፤ "ራስሽ ሄደሽ ንገሪው፣ ከአንቺው አፍ መስማት አለበት" አለችኝ።

ራሴ? ስለ ራሴ? በእኛ ወግ እንዲህ ላለ ጉዳይ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ሰው ራሱን ተሸክሞ ይሄዳል? ሽማግሌ ልላክስ ብል ማንን ልላክ፣ ካርሎስን? ሄድኩ። ኃላፊው ረጅም ሰውዬ ነው፣ ፊቱ የማይፈታ። አስቀመጠኝና "ሻይ ትጠጫለሽ?" አለኝ። ኖ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች! ዋጥኳት። "የስ! ቲ! ሹገር ቱ!" አልኩት። ሰውዬው ራሱ ደነገጠ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘኝ። "አይ አም ነርስ። አይ አም ጉድ ነርስ" አልኩት። ራሴን በአፌ ሳሞግስ ፊቴ እሳት ሆነ፣ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ጆሮዬን የምትይዘኝ መሰለኝ። "ሜኒ ቤቢ ካም ኢን ማይ ሃንድ። ናው፣ ኦልድ ፒፕል። አይ ዋንት ዚስ ክላስ።" ዋንት አልኩ እኮ፣ አፌን ሞልቼ! ሰውዬው ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ። "ክፍሉ ሞልቷል፤ አንድ ወንበር ልጨምር እችል ይሆናል፤ ግን ያመለጠሽን ሁሉ ራስሽ ማካካስ አለብሽ፣ ከባድ ነው፣ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ..."

"የስ!"

"አልጨረስኩም" አለኝ።

"ጨርስ፣ ግን የስ ነው!"

ያ የማይፈታ ፊት ያን ጊዜ ተፈታ። ካርሎስ በላይኛው ክፍል በር ሲያየኝ "ማማ!" ብሎ ጮኸ፣ ያመለጠኝንም እሱው አስጠናኝ። እና ይኸው፣ መስከረም ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ አሁን ሬክስዴል የአረጋውያን ቤት እሠራለሁ። ባሱ ይረዝማል፣ ይርዘም! መስኮት ላይ የለሁም።

ወጋችንን ጣይው እያልኩሽ አይደለም፣ ሜሮን። እኔ ራሴ አንዳንድ አዛውንት "ሾርባ አልፈልግም" ሲሉኝ ሦስቴ እጠይቃለሁ፤ በሦስተኛው ይበላሉ፣ ነጮቹም ጭምር! ጥሩ ወግ ነው። ግን የሚለምንሽ ሰው ላለበት ቤት ነው የተሠራው። እዚህ በሞቴ የሚልሽ የለም፤ የፈለግሽውን በአፍሽ ተናገሪ፣ ገና አንዴ ሲጠይቁሽ። ገባሽ?

"ገባኝ፣ እትዬ።"

ተባረኪ። ሳህንሽ ባዶ ሆነ፣ ዶሮው ይጨመርልሽ?

"ኧረ በቃኝ እትዬ፣ ጠግቤያለሁ።"

እሺ። ሳራ፣ ድስቱን አንሺው።

"እትዬ!"

ምነው?

"ኧረ እኔ... ለወጉ ያህል ነው እኮ!"

ሃ ሃ ሃ! እኮ! አሁን ምን ስነግርሽ ነበር? በሞቴ አልልሽም፣ ድስቱ ሊሄድ ነው።

"የስ! የስ እትዬ! ይጨመርልኝ፣ እንቁላሉም!"

ሃ ሃ ሃ! አዎ፣ እንዲያ ነው! በይ ሳራ፣ መልሺው። ይቺ ልጅ ለሰኞ ደርሳለች።