የሚልበርኗ ሌባ

ፀጉሬ ጆሮዬን መሸፈን ሲጀምር ባለቤቴ ተቆጣችኝና አንድ ሐሙስ ከሰዓት ወደ ኦርቪል ሆብስ ፀጉር ቤት ሄድኩ። እዚህ ሚልበርን፣ አዮዋ ውስጥ የሁላችንንም ራስ የሚያውቅ ኦርቪል ነው፤ መቀሱ ከሚቆርጠው ግን ምላሱ የሚቆርጠው ይበልጣል። ወንበሩ ላይ የማላውቀው መንገደኛ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እስከ አንገቱ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።

ገና ጋዜጣ ሳልገልጥ በሩ ተበረገደና የኦርቪል የልጅ ልጅ ዊላ ገባች። አስተምሬያታለሁ፤ በቀላሉ የምታለቅስ ልጅ አይደለችም። ዛሬ ግን ዓይኗ ቀልቷል።

«አባባ፣ ጉድ ሠራኸኝ!»

«ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ያመለከትኩበት ኮሌጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ‹ልታስረጂን የምትፈልጊው ነገር አለ?› ሲለኝ ግራ ገብቶኝ ‹የለም› ብዬ ዘጋሁት። ዛሬ የትምህርት ቤት አማካሪዬ ፌስቡክ ላይ የጻፍከውን አይታ ደነገጠች። ‹ይኼን አይተው ነው የጠየቁሽ› አለችኝ። አባባ፣ ላይቀበሉኝ ይችላሉ!»

ኦርቪል መቀሱን አስቀመጠ። «እኔ የጻፍኩት ውዳሴ ነው! ደግሞ እነሱን ማን ጓዳችንን ፈትሹ አላቸው? ውጤትሽን አይተው ይፍረዱ። በሰው መስኮት አሾልቆ ማየት ነውር ነው!»

ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ኦርቪል፣ ጓዳ ነው ያልከው? የዋጋ ሰሌዳህን ፊቱን ወደ መንገድ አዙረህ ለጥፈሃል። አላፊ አግዳሚው ቢያነበው ትቆጣለህ?»

«እሱ ለደንበኛ ነው። ይኼ ለቤተሰብ ነው።»

«ለቤተሰብማ ቢሆን እነሱ ከየት አገኙት?»

«ገጽህን ቆልፈው ብዬህ ነበር» አለች ዊላ። «ስሜን ከጽሑፍህ ጋር እያያያዝክ ለዓለም ሁሉ ከፍተህ ነው የምትጽፈው።»

«ንጹሕ ሰው ምን ያስቆልፈዋል?» አለ ኦርቪል ደረቱን ነፍቶ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከተናገረው ግማሹ ልቤን ነክቶታል። ለጋ ልጅን በፌስቡክ ጨዋታ የሚመዝን ሰው እኔም አልወድም። ነገር ግን በማኩረፋችን ማየታቸውን አይተዉም፤ የተጎዳችው ደግሞ ልጅቷ ናት።

ዊላ ክርክሩን ትታ ስልኳን ለሹፌሩ ሰጠችው። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይኼን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ። ዊላ ማለት እኔ ነኝ።»

ሰውየው አነበበ። «‹የእኔ ዊላ የሚልበርን አንደኛ ሌባ! ቅዳሜ ብቻ አራቴ ሰርቃ ማንም አልያዛትም። የእናቷ ልጅ! እናቷም እንዲሁ ነበረች!›»

ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። ከዚያ አጠገቧ የተሰቀለውን ጃኬቱን አየ። እጁን ከነጩ ጨርቅ ሥር አውጥቶ ጃኬቱን ሳብ አደረገና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ኧረ ጌታዬ!» ኦርቪል ጮኸ። «ሶፍትቦል ነው! ሶፍትቦል!»

ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ በዚህ የዱላና የኳስ ጨዋታ ተጫዋቹ ኳሷን ቀድሞ ቤዝ ወደሚባለው ቀጣይ ማረፊያ ሮጦ ሲደርስ «ሰረቀ» ይባላል፤ ትልቅ ሙያ ነው።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ሹፌሩ አፍሮ። «ኳስ የሚል የለበትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ነው፤ አትቀየሚኝ ልጄ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ኦርቪል ብቻ አልሳቀም። የተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «ይኼ ሰው ክፋት የለበትም» አለ ቀስ ብሎ። «የጻፍኩትን አመነኝ እንጂ።»

«እነሱም እንዲሁ ናቸው አባባ።»

ኦርቪል እዚያው ሆኖ ወደ ኮሌጁ ደወለ። «ኦርቪል ሆብስ እባላለሁ፣ የዊላ አያት። ልጅቷ ሌባ አይደለችም! ማለቴ፣ ናት፤ ግን የምትሰርቀው ቤዝ ነው!»

ስልኩን ያነሳችው ማመልከቻዎችን የምታየው ሠራተኛ ነበረች። ሳቋ ከስልኩ ወጣ። «አቶ ሆብስ፣ እንኳን ደወሉ! አንዱ ባልደረባዬ ስፖርት ነው ሲለኝ እኔ እርግጠኛ አልሆንኩም ነበር። በዚህ ነገር አይጨነቁ፤ ከእንግዲህ የሚታየው ትምህርቷ ብቻ ነው።»

«እፎይ!» አለ ኦርቪል፤ ዊላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የጻፉት ደግሞ ጸሐፊውን ወደማያውቅ ሰው ዘንድ ይሄዳል፤ ፈገግታችንን፣ ጥቅሻችንን ይዞ አይሄድም። ኦርቪል በዚያው ቀን ገጹን መቆለፍ ተማረ፤ የሰው ስም ከማንሳቱ በፊት የስሙን ባለቤት ያስፈቅዳል። ደንበኞቹን ሁሉ ስለሚመክር ዘንድሮ ኮሌጅ ያመለከቱ የሚልበርን ልጆች በአያት ቀልድ አልተጨነቁም።

ዊላን ኮሌጁ በጸደይ ወራት ተቀበላት። ኦርቪል አስፈቀዳትና ጻፈ፤ ከመለጠፉ በፊት ግን ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው እንግዳ አነበበለት። «‹የልጅ ልጄ ኮሌጅ ገባች። ምንም አልሰረቀችም።› እንዴት ነው ጌታዬ?»

«ድሮ ትሰርቅ ነበር እንዴ?» አለ እንግዳው።

ኦርቪል ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር አጠፋት።