ባለታሪኳ አገሯ ትገባለች?
እዚህ ዓረብ አገር፣ ዓርብ ከኡም ጉዋይሊና ሰፈር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከኋላዬ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል።

«ይቅርታ እህቴ፣ ስልክሽ ላይ ስትጽፊ አየሁ። የቴሌግራሙን ልቦለድ የምትጽፊው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«በሞቴ! ሦስት ሳምንት ጠፋሽብን እኮ።»

«ደክሞኝ ነው። የማዳም ሹግል፣ የቤቱ ሥራ፣ አላስተነፍስ አለኝ፤ አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ደግሞ እስከ እሑድ ጨርሺ ይላል።»

«ልትተዪው ነው?»

«ኸላስ፣ በቃኝ ብዬ ነበር። ትናንት ልብስ ስተኩስ ግን መጨረሻው መጣልኝ። እጨርሰዋለሁ።»

«ባለታሪኳ አገሯ ትገባለች?»

«አንብቢያ!»

«እኔ እኮ ኮንትራቴን ላድስ ወይስ ልግባ የሚለውን የምወስነው እሷን አይቼ ነው።»

«ተይ እንጂ እቴ! የሷን እኔ እወስናለሁ፤ ያንቺን አንቺው ወስኚ።»

አል ሂላል ስንደርስ መውረድ ነበረብኝ፤ አልወረድኩም።