የአያ ሰይድ ፈር እና የእኔ ደብተር

ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ በተጠጋበት ሰሞን፣ ለማስተርስ ፈተና ወደ ደሴ ስሄድ ኬላ ላይ ሚሊሻዎች የመምህርነት መታወቂያዬን አይተው ደብተሬን ገለጡት። የማጠናው ፕሮጀክቲቭ ጂኦሜትሪ ስለሆነ ገጹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ የሚሮጡ መስመሮች ነበር። ባልደረቦቻቸው አያ ሰይድ የሚሏቸው ሽበታም ገበሬ ካርታ መስሏቸው ነጥቡን በጣታቸው ተጫኑት።

«መምህር፣ በአላህ እውነቱን ንገረኝ። ይኼ የማን ካምፕ ነው?»

«ካምፕ አይደለም፤ ትይዩ መስመሮች ከሩቅ ሲታዩ የሚገናኙበት ነጥብ ነው።»

«ትይዩ ከሆኑ መች ይገናኛሉ? እኛም እኮ ተምረናል! ደብተሩን ትተህ እለፍ።»

ያለ ደብተሩ ፈተናውን እንደማልወጣው አውቃለሁ፤ አልሄድም አልኩ። ከኬላው ጎን ያለው እርሻ የማን እንደሆነ ብጠይቅ የራሳቸው የአያ ሰይድ ሆኖ ተገኘ። ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብለው ፈሩን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው።

«በፈርና በፈር መሃል ያለው ወደ ማዶ ይጠባል» አሉ ቅር እያላቸው።

«ሲያርሱ አጣመውት ነው?»

«እኔ? እንደ ሰይድ ቀጥ አድርጎ የሚያርስ በዚህ አገር የለም!»

«እንግዲህ ወይ ፈርዎ ጠማማ ነው፣ ወይ ደብተሬ ልክ ነው።»

ሚሊሻዎቹ ሳቁ። አያ ሰይድ ግን አልሳቁም፤ እርሻቸውን ደግመው አይተው ደብተሩን መለሱልኝ።

«ሂድ ተፈተን። ከወደቅህ ግን ሰላይ ነህ ማለት ነው፤ ስትመለስ ውጤትህን አሳይተህ ታልፋለህ።»

ፈተና ለማለፍ እንደዚያ ቀን ቆርጬ አላውቅም።