ነጥብ በስሙ ሲጠራ

«በጽሑፍ አቅርቢ» የምትለዋን ቃል የፈጠረውን ሰው ባገኘው ኖሮ፣ በዕቃዬ ያለውን ዳታ በሙሉ በማንኪያ አጎርሰው ነበር።

ዳታ የምለው የእኛን የወላይታን ዳታ ነው፤ ቃሪያው ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተፈጭቶ ለሥጋ የሚቀርበውን፣ ጀግና ነኝ ባይን የሚያስለቅሰውን። እኔ አባይነሽ ጩማ እሱን በሶዶ ገበያ እየሸጥኩ ልጆች አሳድጌያለሁ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም። ቀስ ብዬ ማንበብ አያቅተኝም። መጻፍ ግን እጄ እምቢ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ ቃሪያ ውስጥ የሚውል እጅ እስክሪብቶም አይወደው፣ ስልክም አይወደው።

ለዓመታት የያዝኩት ቂም እንዲህ ነው። በዳታ ተራ አንዲት ቧንቧ ነበረችን። መንገድ ሲቆፈር ተቆረጠች፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥላት ጠፋ። ያለ ውኃ ቃሪያ መፍጨት ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ጎረቤቴ ጣፈጠች አንድ ቀን ሕፃኗ ሲያለቅስባት ሳታስበው ፊቱን በእጇ ጠረገችው። ልጁ ሲጮህ ገበያው በሙሉ ቀጥ አለ። ውኃ ፍለጋ ከተራ ተራ ሮጥን። በመጨረሻ ያገኘነው አንድ ገበሬ ለራሱ ሊጠጣ የያዛትን የላስቲክ ውኃ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን የልጁ ዓይን ተረፈ። ሌላ ቀን ግን ገበሬው ባይኖርስ?

ገበያ ልማት ቢሮ ሄጄ ተናገርኩ። «በጽሑፍ አቅርቢ» አሉኝ። ከበሩ ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሽ ገብረመስቀል ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሳቸው «ጉዳዩ፦ የውኃ መስመር እንዲቀጠልልን ስለመጠየቅ» ብለው ጥቂት መስመር ጻፉና ሰጡኝ። ሳነበው ልጁ የለም። ጩኸቱ የለም። እኔም የለሁም። ወረቀቱ «ለሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ሄደ፤ ሄዶም ቀረ። በሌላው ዓመትም ያው። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «አንቺ በቅሎ» ነበር የምትለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ቃሪያ ልገዛ ቦዲቲ ሄጄ ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ አንዲት ቦታ ብቻ ቀርታለች። ከማን አጠገብ? ከጋሽ ገብረመስቀል!

«ሳሮ፣ አባይነሽ» አሉኝ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ የነገዱ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ስላደጉ በእኛ ቋንቋ ሰላም ማለት ደስ ይላቸዋል።

«ሳሮ፣ ጋሼ። እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

«ይመስገነው። አንቺስ? ገበያው?»

ገበያው ደህና ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ቃሪያ ስመርጥ ስለዋልኩ እጄ ይለበልበኛል። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩና እንደ ልማዴ በአፍንጫዬ ነካ አድርጌ ከፈትኩት። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«ጣፈጠች ነጠላ ሰረዝ ቃሪያውን ይዤ እየመጣሁ ነው አራት ነጥብ ወፍጮ ቤት ወረፋ ያዢልኝ አራት ነጥብ ልጁ እንዴት ዋለ ጥያቄ ምልክት»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈነዳ። ረዳቱ ዞሮ «እናቴ፣ ፈተና እየፈተንሽን ነው?» አለኝ። «አዎ፣ አንተ ወድቀሃል» አልኩት።

ጋሽ ገብረመስቀል ግን አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ደህና ነሽ? ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ መለፍለፍ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የተናገርኩት ለስልኩ ነው ጋሼ። የእህቴ ልጅ ኤልሻዳይ፣ እዚህ ቦዲቲ የምታስተምረዋ፣ የጫነችልኝ መጻፊያ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አራት ነጥብ ስለው አራት ነጥብ ያደርጋል። አዲስ መስመር ስለው ይወርዳል።»

«ኧረ ተይኝ! ነጥብ በዓይን የሚታይ ነው እንጂ በአፍ የሚጠራ ነው እንዴ? ነጥብ ማለት ዝምታ ነው። የሚያነብ ሰው እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። ዝምታን በስሙ ከጠራሽው ምን ዝምታ ቀረው?»

እውነቱን ልናገር፣ ንግግራቸው አማረኝ። እኔም መጀመሪያ ኤልሻዳይን እንዲሁ ነበር የሞገትኳት። ከነጥቡ በፊት ግን የደረሰብኝን ስሙ። መጻፊያው በስልኬ እንደገባ፣ ዳታዬን እየፈጨሁ፣ ገበያው መሐል፣ ያለ አንዲት ነጥብ በአንድ ትንፋሽ አቤቱታዬን ተናግሬ ለቢሮው ላክኩ። ስልኩ ምኑን ያውቃል! የሰማውን ሁሉ ጻፈ። «ቧንቧችን ተቆርጦ ሕፃኑ ዓይኑን ስንት ነው ዳታው ምርቃት ጨምሪ እንጂ ውኃ ስለሌለ ዘወር በል ባጃጅ» የሚል አቤቱታ ነው የደረሳቸው። መልሱ ምን ሆነ? «አልገባንም፤ በሰው አስጽፈሽ ላኪ።» በሰው አስጽፈሽ! ያን ቀን ነው ኤልሻዳይን «ነይ፣ ነጥቡንም አስተምሪኝ» ያልኳት።

ይህን ለጋሽ ገብረመስቀል ነገርኳቸው። አሁን ሳቁ፤ ግን «አየሽ? ይህ ሥራ የባለሙያ ነው» ብለው ያዙኝ።

መልስ ሳልሰጥ ከኋላ አንዲት ሴት «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። መኪናው ቆመ፣ ሴትዮዋ ወረደች፣ ሄድን።

«አዩ ጋሼ?» አልኳቸው። «ሾፌሩ የምትወርድበትን በምን አወቀ? አፏን ይዛ ብትቀመጥ ሶዶ መናኸሪያ ድረስ ይዟት ይገባ ነበር። ስልክም ሾፌር ነው። ልቤን አያይም። አራት ነጥብ ማለት ለእሱ ‹ወራጅ አለ› ማለት ነው።»

ረዳቱ «እናቴ አለፈች!» አለ። ሳቁ አሁን ወደ እኔ ወገን ዞረ።

«እሺ ይሁን» አሉ ጋሽ ገብረመስቀል፤ «ማፈርስ የለም? ሰው ምን ይላል?»

«ጋሼ፣ እርስዎም በቤተ ክርስቲያንዎ፣ እኔም በቤተ ክርስቲያኔ፣ ጸሎት ስንጨርስ ‹አሜን› እንላለን። እግዚአብሔር መጨረሳችንን አጥቶት ነው? ጮክ ብለን የምንለው አብሮን የሚጸልየው ሰው እንዲያውቅ ነው። በዚህ አፍረን እናውቃለን?»

ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ የሙያቸውን ጥያቄ አመጡ። «እዝባር ያውቃል? ያለ እዝባር መሥሪያ ቤት የለም። ጽሕፈት ቤቱ በእዝባር ነው፣ ወይዘሮዋም በእዝባር ናት።»

ጎንበስ ብዬ በአፍንጫዬ ከፈትኩ። «ወ እዝባር ሮ ጣፈጠች» አልኩና ስልኩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት። መነጽራቸውን በግራ እጃቸው አወጡ። «ወ/ሮ ጣፈጠች» ይላል፣ እንደ ማኅተም ጥርት ብሎ።

«ትእምርተ ጥቅስስ? ሰው የተናገረውን ቃል የምንከብበት?»

«እሱንም። ጥቅስ ክፈት፣ ጥቅስ ዝጋ እላለሁ። የጣፈጠችን ቃል እንደተናገረችው አስገባዋለሁ።»

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ፣ ዳሞታ ከፊታችን ደመና ተከናንቦ ሲታይ፣ በጣም ቀስ ብለው «ሁሉ ሰው በአፉ ከጻፈ፣ እኔ ጃንጥላዬን ምን ላድርገው አባይነሽ?» አሉኝ።

ይህ እንግዲህ የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ አይመለስም። እኔ ግን ግትር ስለሆንኩ በጥያቄ መለስኩላቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሕፃኑን ነገር ለምን ተዉብኝ? ያን ያህል ነግሬዎት?»

ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ለካ ከሳሮው ጀምሮ ደብቀውት ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንደያዙት ወፍ።

«ንቄሽ አይደለም ልጄ። ከጥቂት መስመር በላይ አይታዘዘኝም። ሰው እንዳያይብኝ እያሳጠርኩ ነው የምጽፈው። የአንቺን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም።»

ያን ጊዜ የእሳቸውን ድርሻ ከቂሜ ላይ እዚያው መንገድ ላይ አወረድኩት። ወራጅ አለ።

«ይናገሩ» አልኳቸው። «እስቲ እርስዎ ይሞክሩት።»

«ምን ብዬ?»

«ሊጽፉ ፈልገው ያልቻሉትን።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚኒባሱም፣ ታምኑኛላችሁ? ረዳቱ ሳይቀር ዝም አለላቸው። ልክ እንደ አንባቢ ዲያቆን ረጋ ብለው፦

«ወንድሜ ሚናስ ነጠላ ሰረዝ ጤናህ እንዴት ነው ጥያቄ ምልክት እኔ ደህና ነኝ ድርብ ሰረዝ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ ሳይሆን እጄ ደክሞ ነው አራት ነጥብ»

ስልኩ አንዲት ሳያዛንፍ አሰፈረው። ድርብ ሰረዝ ያን ዕለት ነው የተማርኩት፤ እኔ ሁሉንም በአራት ነጥብ ነበር የምቆርጠው። ሽማግሌው አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። «ይህ ነገር እኮ ለእኔ ነው የተሠራው!» ብለው ጮኹ። ከኋላ አንዱ አጨበጨበ።

«ጃንጥላዎ አይታጠፍም ጋሼ» አልኩ። «ነጥቡ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ምንጊዜም ይፈለጋል። ሕዝቡ ከጃንጥላው ሥር ቁጭ ብሎ በራሱ አፍ ይናገር፤ እርስዎ ያቃኑለት። እጅዎ ይረፍ።»

እሳቸውም እኔን መከሩኝ፦ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ጫጫታ ካለበት ራቂ፤ በተለይ የእኛን የወላይታ ስሞች ስልኩ ሊያጣምማቸው ስለሚችል ሳታነቢ እንዳትልኪ። ይህን ምክር ለእናንተም አስተላልፋለሁ። እጁ በሥራ የተያዘ፣ ጣቱ የታመመ፣ ፊደል መልቀም የሚያደክመው፣ እንደ እኔ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት የቀረ ሁሉ ይሞክረው። ሰው ሲያስጽፍ የራሱ ነገር በሰው ወንፊት ያልፋል፤ ወፍራሙ እዚያው ይቀራል። ራሱ ሲናገረውና ነጥቡን ራሱ ሲያኖር ግን ነገሩ በሙሉ ክብሩ ይደርሳል። እፍረቱ የሚቆየው የመጀመሪያው ሳቅ እስኪያልፍ ነው።

አሁን በመጨረሻ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ከዚያ በኋላ የገበያው ነጋዴዎች ለስብሰባ አዳራሽ ተጠራን። እኛ የዳታ ሴቶች ከፊት ተቀመጥን፤ ጋሽ ገብረመስቀልም መጥተዋል። የገበያ ልማት ኃላፊው ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ እጄን አወጣሁና የቧንቧውን ነገር አነሳሁ። ገና ሳልጨርስ «እናቴ፣ በቃል የተባለ መዝገብ አይገባም። የቴሌግራም ቁጥሬ ግድግዳው ላይ አለ፤ በጽሑፍ ላኪልኝ» አለና ለመነሳት ወንበሩን ገፋ።

«ይቀመጡ ጌታዬ፣ አሁን እልካለሁ» አልኩት። ወደ አዳራሹ ዞሬ «ዝም በሉልኝ፤ ስልኩ የእናንተንም ይጽፋል» አልኩ። ዝም አሉ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ በአፍንጫዬ ከፈትኩት። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ አለፈ።

«ለገበያ ልማት ጽ እዝባር ቤት ነጠላ ሰረዝ ሶዶ አዲስ መስመር እኛ ዳታ የምንሸጥ ሴቶች ነን ድርብ ሰረዝ ቧንቧችን መንገድ ሲሠራ ተቆርጦ ሳይቀጠል ቀርቷል አራት ነጥብ የወ እዝባር ሮ ጣፈጠች ሕፃን ዓይኑ ቃሪያ ገብቶበት ስንጮህ ውኃ አላገኘንም አራት ነጥብ እናቱ ያን ቀን ያለችው ይህ ነው ጥቅስ ክፈት ልጄን ያቃጠለችው እጄ ናት ነጠላ ሰረዝ እጄን የት ልታጠብ ጥያቄ ምልክት ጥቅስ ዝጋ»

ወደ ሴቶቹ ዞር ብዬ አየሁና ቀጠልኩ።

«የምንጠይቀው አንዲት ቧንቧ ነው» አልኩ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «አራት ነጥብ!» አሉ። ስልኩም ታዘዘ። ከሥሩ ስሜን ራሴ ጠራሁ፦ «አዲስ መስመር ወ እዝባር ሮ አባይነሽ ጩማ።» ጋሽ ገብረመስቀል በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው አነበቡልኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ላክኩት።

የኃላፊው ኪስ ጮኸ።

አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ በልቡ፣ ከዚያ ሳያውቀው ጮክ ብሎ። የጣፈጠች ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ነጥብ ዝምታ ነው ያሉት ጋሽ ገብረመስቀል እውነታቸውን ነበር፤ ያን ዝምታ አዳራሹ በሙሉ ሰማው።

«ማን ጻፈላችሁ?» አለ ከልማዱ፣ ወደ ሽማግሌው እያየ።

ጋሽ ገብረመስቀል ተነሱ። «እኔ አይደለሁም» አሉ። «እሷ ናት።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሰውየው ወደ መቀመጫው ተመለሰና የውኃ ክፍሉን ሰው እዚያው ፊታችን በስልክ ጠራው።

ቧንቧው ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል ደረሰ። መጀመሪያ የታጠበው የጣፈጠች ልጅ ፊት ነው። ቀጥዬ እኔ ሁለት እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና አሽቼ ታጠብኩ፣ በነጠላዬ አደረቅኩ፣ ስልኬንም በጣቴ ከፈትኩት።