ፊልሞቻቸውን በአፋቸው ያናገሩት አቶ እንድርያስ ባዩ

አቶ እንድርያስ ባዩ ከአባታቸው ከመሪጌታ ባዩ ክንዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምጸሐይ ንጋቱ በስማዳ፣ በወገዳ አቅራቢያ በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ ጋይንት ተሻግረው ቅኔ ከተማሩ በኋላ አባታቸው ለድጓ ሲያስቧቸው እርሳቸው አዲስ አበባ ሄደው በአንድ ሲኒማ ቤት በር ጠባቂነት ተቀጠሩ፤ በዚያም ሳሉ፣ በአገራችን ፊልም መሥራት ገና ሲጀመር፣ ሽፍታ ሆነው ለመተወን በቁ።

በ1963 ዓ.ም. ድምፅ የማይቀዳ አሮጌ ካሜራ ይዘው ወደ ስማዳ ተመለሱና ገበሬውን ተዋናይ፣ አውድማውን መድረክ አድርገው ሦስት ፊልሞች አዘጋጁ። አርብ ገበያ ላይ ማምሻውን አቡጀዲ ወጥረው በሞተር መብራት ሲያሳዩ፣ ከጎኑ ቆመው በበሬ የተካሰሱትን የባልንና የሚስትን፣ የዳኛውንም ቃል በየድምፁ ይናገሩ ነበር። «አንተ እንድርያስ፣ በሬው ምነው ዝም አለ?» ሲሏቸው «ክርክሩን እያዳመጠ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው እርሱ ነው» እያሉ ገበያተኛውን ያስቁት ነበር።

በሁለተኛው ፊልማቸው የተወኑትን ወይዘሮ ሐረገ ወይን ሙላውን አግብተው ፀደይንና ምንተስኖትን ወለዱ። ዘመኑ ሲለወጥ ካሜራው ስለተወሰደባቸው ፊልሞቹን ጎተራ ውስጥ ሸሽገው፣ ጡረታ እስኪወጡ በመካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሩ።

በእርጅናቸው የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊልሞቹ እየታዩ የሚናገሩትን ልጆቻቸው በስልክ እንዲቀዱላቸው። «ቃሉ ከእኔ ጋር አይቀበር» ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ግን ለገና ሲባል ለፋሲካ፣ ለፋሲካ ሲባል ለመስቀል እያሉ አቆዩአቸው። በ2015 ዓ.ም. በጉሮሮ ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን ጠፋ።

ያን ጊዜ ፀደይ ፊልሞቹን ወደ ኮምፒውተር አስገልብጣ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ብታሳያቸው፣ ከአልጋቸው ተነሥተው ከጎኑ ቆሙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በከንፈራቸው ብቻ ተናገሩ። ባለቤታቸው «ቀስ ይበሉ እንጂ ጌታው፣ አልያዝንልዎትም» እያሉ ቢማጠኗቸውም ከንፈራቸውን ያነበበ አልተገኘም፤ እስክሪብቶ ሲሰጣቸውም ከአፍ መውጣት የለመደው ቃል ከእጅ አልወጣ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ፊልሞቹ እንዲታዩ አልፈቀዱም።

አቶ እንድርያስ በተወለዱ በ77 ዓመታቸው በዚህ ሳምንት ዐርፈዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ የሚያናግራቸው ያጡ ሦስት ፊልሞችም ቀርተዋል። ያለ ድምፅ የተነገረውን የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ዘንድ ያኑርልን፤ በጊዜው ላልሰማናቸውም ይቅርታውን አይንፈገን። አሜን።